ዜና ሲደበቅ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዜና ነው። «ዜና የከተማ ሰው ጉዳይ ነው፤ ለገበሬ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ወሎ ላይ የሆነውን እንይ።

በ1964 ዓ.ም. ክረምቱ ተዛባ። የ1965ቱ በልግም ጠፋ። ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ የዘሩን እህል በላ፤ ከዚያ ልጆቹን ይዞ መኪና መንገድ ዳር ወጣ። በአገሩ ሁሉ እህል አልቆ ነበር? የለም። ከወሎ እንኳ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። የተራበው ሰው መግዣ አልነበረውም እንጂ።

ታዲያ ሬዲዮውና ጋዜጣው ምን አሉ? በመንግሥት እጅ ነበሩና ዝም አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው መጡ፤ እንደ እኛው ያሉ ተማሪዎች ያንን አይተው ጮኹ። ሰሚ ግን አላገኙም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ረሀቡን በፊልም ለአገሩ ሰው አሳየ። እርዳታ ጎረፈ። ለሞተው ምን ያደርጋል!

ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ፊልሙን ያሳየው ደርግ ነው። እውነት ወዳጅ መስሎ ነበር። ግን በ1976 ዓ.ም. ድርቁ ሲመለስ እሱም ደበቀ። የ10ኛው ዓመት የአብዮት በዓል ይበልጥበት ነበር። በዓሉ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ተከበረ። የኮረም ረሀብተኛ በዓለም ፊት የታየው ጥቅምት 13 ቀን ነው፤ እሱም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን።

ሁለቱንም ጊዜ ቀድሞ ያወቀው ገበሬው ነው። ዝናቡ የቀረው በሱ ማሳ ላይ ነዋ! ግን የሚጽፍለት አልነበረም።

እናንተ አሁን ትጽፋላችሁ። ችግር ሲመጣ ለወረዳውም ለጋዜጣውም ጻፉ። «ተቸገርን» ብቻ አትበሉ፤ እንዲህ ያለውን አንብቦ የሚተው ብዙ ነው። ዝናቡ የቆመበትን ቀን ጻፉ። ስንት ቤት ዘሩን እንደበላ፣ በሬ በስንት ብር እንደተሸጠ፣ ጤፍ ገበያ ላይ ስንት እንደገባ ጻፉ። ያላያችሁትን «ሰማን» በሉ፤ ያያችሁትን «አየን» በሉ። ቅጂውን እቤት አስቀሩ።

እስቲ ደብተራችሁን አውጡና የባለፈውን ቅዳሜ ገበያ ዋጋ ጻፉልን።