ውሃው የት ይሄዳል?

(ለመንደራችን ተማሪዎች የሕዝብ ሥራ ፕሮጀክት አመራርን ለማስተዋወቅ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት እዚህ ተለጥፏል።)



ከመካከላችሁ በኮሌጅ የሕዝብ አስተዳደር የምትማሩ አላችሁ፤ ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያላችሁም አላችሁ። ስለ ፕሮጀክት አመራር መምህሮቻችሁ ከእኛ የተሻለ ያስተምሯችኋል። እኛ የምንነግራችሁ በገዛ መንደራችን ሠርተን ያየነውን፣ ይልቁንም ያጠፋነውን ነው።

ለመሆኑ ፕሮጀክት ማለት ምንድን ነው? መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ በተወሰነ ገንዘብና በተወሰነ ጊዜ አንድ የታወቀ ነገር ለማስገኘት የሚሠራ ሥራ ነው። መንገድ መጥረግ የዘወትር ሥራ ነው፤ መንገዱን ድንጋይ ማንጠፍ ግን ፕሮጀክት ነው። ሰው የግል ቤቱን ሲሠራ ቢሳሳት ገንዘቡም የራሱ፣ ጉዳቱም የራሱ ነው። የሕዝብ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። ገንዘቡ የብዙ ሰው ነው፤ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ሲወሰን ባልተጠየቀ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ የሕዝብን ሥራ የሚመራ ሰው መሥራት ብቻ ሳይሆን ማስረዳትም ግዴታው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ወር በውስጥ መንገዳችን ዳር 90 ሜትር የጎርፍ መውረጃ ቦይ መሥራት ጀመርን። ከ68 ቤቶች 61ዱ እያንዳንዳቸው 1,500 ብር ስላዋጡ 91,500 ብር ተሰበሰበ። ወረዳው ሲሚንቶ ሰጠን፤ ጉልበቱን እኛው በየእሑዱ አዋጣን። በሐምሌ መጀመሪያ ቦዩ አለቀ ተብሎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ፣ ተጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር ግን ያለቀው ቦዩ ሳይሆን ገንዘቡ ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ካለው ዋና ቦይ ለመድረስ 22 ሜትር ሲቀረው አቆምነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ድሮ በየሜዳው ተበትኖ የሚፈሰው ጎርፍ ሁሉ እኛ በሠራንለት ቦይ ተሰብስቦ ወረደና ቦዩ ካበቃበት በታች ወዳለው የአንዲት እናት ቤት ገባ። የጤፍ ዱቄታቸው፣ ፍራሻቸው፣ የልጅ ልጃቸው ደብተር ሁሉ ውሃ ገባበት። እኚህ እናት እኮ መዋጮውን ቀድመው ከከፈሉት አንዷ ናቸው! ጠዋት ስንደርስ ከእኛ ከኮሚቴዎቹ መካከል «ከቦዩ ክልል ውጪ ስለሆነ ማኅበሩን አይመለከትም» ያለ ነበር። ያንን ቃል ዛሬም ስናስታውሰው እናፍራለን።

በነጋታው አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ዛሬም እዚሁ ከእናንተ ጋር ተቀምጧል፣ ግንበኞች ደረጃ የሚለኩበትን ውሃ የሞላ ግልጽ ጎማ ይዞ መጣና ቦዩን ከላይ እስከ ታች ለካ። መካከል ላይ ወለሉ መውረድ ሲገባው 8 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ ሆኖ ተገኘ። ለካ ደለሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው! ጎማውም ልጁም ቀድሞም በመንደሩ ነበሩ፤ የጠየቃቸው ግን የለም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የተባለው ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ለአሸዋ ካወጣነው ገንዘብ ውስጥ የ6,300 ብር ደረሰኝ የለንም። አሸዋው መጥቷል፤ ሁላችንም በአካፋ አገላብጠነዋል። ገንዘቡ እንዳልተበላ እኛ እናውቃለን። ነገር ግን ማወቅና ማስረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጠቅላላ ጉባኤው «ደረሰኙስ?» ስንባል ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ «መዋጮ» ስንል በሩን የሚዘጋብን ቤት ቢኖር ማንን እንወቅሳለን?

ከዚህ ሁሉ የተማርነው በአራት ጥያቄ ይጠቃለላል። የሕዝብ ሥራ ስትመሩ ዶማ ከመነሳቱ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

1ኛ/ ሥራው የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል? የእኛ ጥያቄ «ውሃው የት ይሄዳል?» መሆን ሲገባው «ገንዘቡ ስንት ሜትር ያደርሳል?» ሆነ። ገንዘቡ ካልበቃ ከታች፣ ከመውጫው ጀምሮ ወደ ላይ መሥራት ይቻል ነበር።

2ኛ/ ማንን ይነካል? የሚጠቀመውን ብቻ ሳይሆን ሊጎዳ የሚችለውንም ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

3ኛ/ በስንት ገንዘብና መቼ? በአገራችን የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ አዲሱ በጀት የሚመጣው ለቁፋሮ በማይመቸው በክረምት ነው። ብልህ መሥሪያ ቤት ክረምቱን ለጥናትና ለጨረታ ዝግጅት ይጠቀምበትና ጥቅምት ላይ ቁፋሮ ይጀምራል። ያልተዘጋጀው ግን በጀቱ እንዳይመለስበት ግንቦትና ሰኔ ላይ ሲራወጥ ይገኛል። እኛም በግንቦት መጀመራችን ትልቁ ስሕተት ነበር።

4ኛ/ ካለቀ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? በመንግሥት ግንባታ ሥራው እንዳለቀ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ጉድለቱ የሚታይበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ ካለፈ በኋላ የመጨረሻ ርክክብ ይሆናል። ይህም አንድ ክረምት እንዲያልፍበት ይረዳል። እኛ ዳቦውን የቆረስነው ግን ቦዩ ገና አንድ ዝናብ ሳይፈትነው ነው።

ጊዜን ለመቆጣጠር ደግሞ ቀላል መሣሪያ አለ። ሄንሪ ጋንት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከመቶ ዓመት በፊት ያስፋፋውና በስሙ የሚጠራ ሠንጠረዥ ነው። ሥራዎቹን በግራ በኩል ወደ ታች፣ ሳምንታቱን ከላይ ወደ ጎን ትጽፉና እያንዳንዱ ሥራ ከየት እስከ የት እንደሚቆይ በመስመር ታሰምራላችሁ። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ ያን ጊዜ ይታያል። ለዚህ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ አንድ ካርቶንና ማስመሪያ ይበቃል።

«ይህ የትንሽ መንደር ጣጣ ነው» እንዳትሉ። ብዙዎቻችን ቦንድ የገዛንለት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ሲጀመር በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል ተብሎ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ከነበረው ተቋራጭ ተነሣ፤ በኋላም ለሌሎች ተሰጠ። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ግድቡም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከዚህ ትልቅ ሥራ የምንማረው፣ የተበላሸን ነገር ደብቆ ከመቀጠል ጉድለቱን በአደባባይ ተናግሮ አካሄድን መለወጥ ሥራን ለፍጻሜ እንደሚያበቃ ነው።

ልጆቻችን! ዛሬ የጠራናችሁ ለምክር ብቻ አይደለም። የቀረውን 22 ሜትር ከሰኔ በፊት ለመሥራትና ሽቅብ የሆነውንም አፍርሰን ለማስተካከል ወስነናል። ስለዚህ ከእናንተ መካከል አምስት ተማሪዎች የክትትል ቡድን እንድትሆኑ እንጠይቃለን። ሠንጠረዡን ሠርታችሁ እዚህ ሰሌዳ ላይ ትለጥፋላችሁ። የገባውንና የወጣውን ሲሚንቶ በከረጢት ትቆጥራላችሁ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ካያችሁ፣ ያወጣው ጸሐፊው ቢሆንም እንኳ፣ ስሙን ሳትደብቁ ትጽፋላችሁ። ልኩ ሲበላሽ ካያችሁ ደግሞ «ቁም!» የማለት ሥልጣን አላችሁ። ይህንንም በቃለ ጉባኤ አስፍረን ፈርመንበታል።

ነዋሪዎች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። የ6,300 ብሩን ጉዳይ እንድትረሱልን አንለምንም። ኮሚቴው ከኪሱ አዋጥቶ ለመተካት ተስማምቷል፤ እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ገቢ ሆኖ ደረሰኙ እዚሁ ይለጠፋል። ጎርፍ የገባባቸውን እናትም ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። እርሳቸውም «ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ ቦዩን ግን ከእኔ በር ጀምሩት» ብለዋል።

ከእርሳቸው በር እንጀምራለን።