በሐፊር ዳር ምን ዓይነት ተክል ይተከል?



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለብዙ ሰው ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም ለአዕዋፍና ለአራዊት መጠጫ ተብሎ በጓሮ ወይም በመንደር አጠገብ በተቆፈረ ኩሬ ዳር ምን ዓይነት ተክል መትከል ይበጃል የሚለው ነው። ነገር ግን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለ ዝናም በሚያልፍበት በገዳሪፍ ምድር፣ ውሃን የሚመለከት ነገር ሁሉ ትንሽ ሊባል አይገባውም።

የቱነይድባ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ለመንገድ ክፉ ቢሆንም ውሃ ለማቆር ግን መልካም ነው፤ ረጥቦ ሲያብጥ የገዛ ቀዳዳውን ይደፍናልና። ስለዚህም የአገሩ ሰው ሐፊር የሚባለውን ኩሬ እየቆፈረ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያቆያል። ይሁን እንጂ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው የማሽላና የሰሊጥ እርሻ እየሰፋ ስለ ሄደ የአገሩ ዛፍ እጅግ ተመናምኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ከትግራይ ለተሰደዱ ሰዎች በቱነይድባ መጠለያ ሲከፈት ቦታው ገላጣ ሜዳ ነበር፤ በዚያው ዓመት በክረምቱ መግቢያ የተነሣውም ዐውሎ ነፋስ ብዙ ድንኳኖችን አፈራረሰ። ዛፍ መትከል እንዲያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። የቀረው ጥያቄ የትኛው ተክል በየትኛው ቦታ ይተከል የሚለው ብቻ ነው።

ለዚህም ጥያቄ መልሱን ሩቅ ሄደን መፈለግ የለብንም። ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚፈስሱት የረሃድና የዲንደር ወንዞች፣ አሮጌ መንገዳቸውን ሲለቁ ማያ የሚባሉ ረግረግ ኩሬዎችን ትተዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተከለለው የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ አራዊትና ከሩቅ አገር የሚመጡ አዕዋፍ በበጋ የሚኖሩት በእነዚህ ማያዎች ነው። ስለዚህ በማያ ዳር ሳይዘራ የበቀለው ተክል ለኩሬያችንም ይስማማል።

አተካከሉም በሦስት ረድፍ ቢከፈል መልካም ነው። በመጀመሪያው ረድፍ፣ ውሃው እየሸሸና እየተመለሰ በሚነካው ጭቃ ላይ፣ ቄጤማ ይተከል። ቄጤማ ዐፈሩን ይይዛል፤ ለእንቁራሪትና ለትናንሽ ወፎችም መጠለያ ይሆናል። በሁለተኛው ረድፍ፣ ከቁፋሮው በወጣው የዐፈር ክምር ላይ፣ ሰርዶ ይልበስ፤ ዝናሙ ዐፈሩን ጠርጎ ወደ ኩሬው እንዳያስገባ ይከለክላልና። በዚህ ክምር ላይ ግን ዛፍ ከቶ አይተከል። ዛፉ ሞቶ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መሹለኪያ ይሆናል። በሦስተኛው ረድፍ፣ ከክምሩ ውጭ፣ ዛፎች ይቁሙ። ውሃ በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ በዐረብኛ ሱንት የሚባለው ጨባ ይተከል፤ ይህ ግራር ለብዙ ሳምንታት በውሃ ተከቦ ሊቆም የሚችል ነው። ጣልሕ የተባለው ግራር ከፍ ባለው ዋልካ ላይ ይስማማል። ቁርቁራም ለሰውና ለወፍ ፍሬ ይሰጣል። ኒም ግን ሥሩ ውሃ ሲተኛበት ስለሚሞት ከቤት አጠገብ በደረቅ ቦታ ቢተከል ይሻላል።

እዚህ ላይ ገበሬው የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ይህም ተገቢ ነው። «ለወፍ መኖሪያ ስናበጅ ለግሪሳ መኖሪያ ማበጀታችን አይደለምን?» ይላል። ግሪሳ ወፍ ማሽላን እንደሚያጠፋ የታወቀ ነው። ነገር ግን ግሪሳ ለማደሪያው የሚወደው ጥቅጥቅ ያለውን ፊላና ሸምበቆ፣ ለጎጆውም የተጠጋጋውን እሾሃማ ግራር ነው። ስለዚህ ፊላን በኩሬው ዳር ከመትከል እንቆጠብ፤ ሳይተከል ቢበቅልም በጊዜው እንንቀለው፤ ግራሩንም አራርቀን እንትከል። ቄጤማው አጭር፣ ዛፉም የተራራቀ ከሆነ ሽመላና ዳክዬ ሲመጡ ለግሪሳ መንጋ ግን ምቹ ማደሪያ አይገኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ከሩቅ አገር የመጣና ፈጥኖ የሚያድግ ተክልን የሚመለከት ነው። ከአሜሪካ አህጉር የተገኘው መስኪት እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ሱዳን የገባው ለበጎ ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን በከሰላና በጋሽ እርሻውን እየወረሰ ስላስቸገረ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995 እንዲጠፋ እስከ ማዘዝ ደረሰ። የእንቦጭም ነገር እንዲሁ ነው። አበባው ያማረ ስለ ሆነ በብዙ አገር ለጌጥ ተወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በነጭ ዓባይ ላይ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ ታየ። ከጣናም ዳር በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ገበሬ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። እንግዲህ በመንደር ኩሬ ላይ አንድ ቡቃያ ለውበቱ ብሎ የሚጥል ሰው፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሳያማክር በውሃው ላይ ፈርዶበታል ማለት ነው።

ጤናንም መዘንጋት አይገባም። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በውሃ ዳር ሣር ላይ ይኖራል፤ የወባ ትንኝም ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ ሰው የሚጠጣው ሐፊር በአጥር ተከልሎ ከብት ከውጭ በገንዳ ይጠጣ፤ ለአዕዋፍና ለአራዊት የሚሆነው ኩሬ ለብቻው ይሁን፤ ከመኖሪያ ቤትም ይራቅ። በፍሬው በላሎብ የሚታወቀው የሂግሊጅ ዛፍ ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀንድ አውጣውን ይገድላል፤ ሆኖም ዓሣንም ስለሚጎዳ ዓሣ ካለበት ኩሬ ርቆ ይተከል።

በሥልጣን ላይ ላላችሁ ሹማምንት የማሳስበው ይህን ነው። ችግኝ ከማከፋፈላችሁ በፊት ስሙንና የመጣበትን አገር ጠይቁ፤ በዓመቱም መጨረሻ ስንት ተተከለ ብቻ ሳይሆን ስንት ጸደቀ፣ ምንስ ሳይተከል በቀለ ብላችሁ መርምሩ። ለነዋሪዎችም የምለው፣ ችግኝ ዝናሙ መሬቱን ካረጠበ በኋላ ይተከል፤ እስኪጠነክርም በእሾህ ታጥሮ ከፍየል ይጠበቅ። ዛሬ በውሃ ዳር የምንተክለው ተክል እኛ ካለፍንም በኋላ ውሃውን ይጠብቃል ወይም ይወርሳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው ግን ችግኙ ገና በእጃችን ሳለ ነው።