ሴሎች ተያይዘው የሚኖሩት እንዴት ነው?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሴል ነው። አይዟችሁ፣ መጨረሻ ላይ ፈተና የለም።

እስቲ የእጃችሁን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ይሳባል፣ ስትለቁት ይመለሳል፣ አይቀደድም። ሰውነታችን የተሠራው ግን በዓይን ከማይታዩ በብዙ ትሪሊዮን ከሚቆጠሩ ሴሎች ነው። ታዲያ እንደ ጤፍ የማይበተነው ለምንድን ነው?

ሴሎቹ ስለሚያያዙ ነው። በሴሉ ላይ ካድሄሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ የአንዱ ሴል ካድሄሪን የጎረቤቱን ካድሄሪን ይይዛል። ለመያያዝም ካልሲየም የግድ ያስፈልጋቸዋል። ይህን በሰፊው ያጠናው ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ ነው።

ግን ከውጭ መያያዝ ብቻ አይበቃም። ድንኳን ስንተክል ገመዱን ከካስማው ጋር ካላሰርነው ነፋስ ይወስደዋል አይደል? በሴልም ውስጥ እንደ ገመድ የተወጠሩ ክሮች አሉ። እነዚህን ክሮች ሴሉ ከሚይዝበት ቦታ ጋር ከሚያስሩት ፕሮቲኖች አንዱ ቪንኩሊን ይባላል። ስሙ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ማሰሪያ» ማለት ነው። በእ.ኤ.አ. 1979 ይህን ፕሮቲን ያስተዋወቀው ቤንያሚን ጋይገር ነው፤ እዚሁ ከተማችን ረሆቮት፣ በቫይዝማን ኢንስቲትዩት ለብዙ ዓመታት የሠራ ፕሮፌሰር ነው። ፕሮቲኑ የተገኘው ከምን መሰላችሁ? ዶሮ እህሏን ከምትፈጭበት ከጡንቻማው ሆዷ! እናቶቻችን ለዶሮ ወጥ ሰንጥቀው ከሚያጥቡት ማለት ነው።

የሚገርመው ደግሞ፣ ማሰሪያው ሲጎተት ተጨማሪ ቪንኩሊን ወደዚያ ይመጣል። ሥራ ሲበዛ ጎረቤት ለደቦ እንደሚመጣው ማለት ነው።

ማሰሪያው ግን መላላትንም ያውቃል። ጉልበታችሁ ሲላጥ በቁስሉ ዳር ያሉት ሴሎች ላላ ብለው ወደ መሃል ይጓዛሉ፤ ከወዲያ ከመጡት ጋር ሲገናኙ ቆመው እንደገና ይያያዛሉ። ቁስል የሚሽረው እንዲህ ነው።

ካንሰር ላይ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ሴሎቹ ማሰሪያቸውን ያላላሉ ወይም ይጥላሉ፣ ከቦታቸው ይለቃሉ፣ በደም ወይም በሊምፍ ተጉዘው ሌላ አካል ውስጥ ይሰፍራሉ። ሐኪሞች «ቶሎ ይታይ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሳይበተን ከተገኘ ማከም ይቀላል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ለእናቴ የሚመጣውን የዕብራይስጥ ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አንዱን ደብዳቤ ሳልጨርሰው «ምንም አይደለም እማዬ» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የጡት ምርመራ ጥሪ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ነው። አብሬያት ሄድኩ፤ ተመስገን፣ ምንም አልተገኘባትም። ግን ተገኝቶባት ቢሆንስ?

በእስራኤል ከ50 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ማሞግራፊያ በነፃ ይደረግላቸዋል። እናቶች፣ ጥሪው ሲመጣ «ደህና ነኝ» ብላችሁ አትተዉት። ልጆች፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቡላቸው፣ ቀጠሮ ያዙላቸው፣ አብራችሁ ሂዱ።

ሴል እንኳ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚኖረው። እኛም እንያያዝ።