የሮቦት ውድድር ሕግና የየቲሙ ድምፅ
(በጂንካ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለአሳዳጊዎችና ለበጎ አድራጊዎች የተደረገ ንግግር)

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።



የዛሬው ርእሳችን የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ነው። «ደብተር ላጣ የቲም ሮቦት ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከጨዋታው ሕግ ይገኛል።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ፈርስት ግሎባል የተባለው ድርጅት ከ150 በላይ የሚሆኑ አገሮችን ወጣቶች በዋሽንግተን አወዳድሮ ነበር። የጨዋታው ጉዳይ ውኃ ነበር። ሰማያዊ ኳሶች የንጹሕ ውኃ፣ ብርቱካናማዎቹ የብክለት ምሳሌ ነበሩ። ሦስት አገሮች በአንድ ወገን፣ ሦስት አገሮች በሌላው ወገን ተሰልፈው፣ በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ሮቦቶቻቸው ንጹሑን ከተበከለው ይለያሉ። በመጨረሻም ከጎርፍ እንደሚሸሽ ሰው ወደ ከፍታ የወጣ ሮቦት ተጨማሪ ነጥብ ያስገኛል።

ይህ ለደቡብ ኦሞ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች 364 ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ከዚህ ሕግ ሁለት የክርክር ነጥቦች ይነሣሉ። አንደኛው የጊዜ ነው። ኳስ መሰብሰቡ መቼ ይቁም? አንዱ «እስከ መጨረሻው እንሰብስብ» ይላል፤ ሌላው «ቀደም ብለን እንውጣ» ይላል። ይህ በጩኸት አይፈታም። ሮቦቱ ለመውጣት ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? በዚያው ጊዜ ስንት ኳስ ያስገባ ነበር? ተለክቶ ይወሰናል።

ሁለተኛው የአጋርነት ነው። አጋሩን ተወዳዳሪው አይመርጥም፤ ይመደብለታል። የዛሬው አጋርም በሌላ ግጥሚያ ተፎካካሪ ሊሆን ይችላል። ታዲያ የአጋሩ ሮቦት ደካማ ቢሆን ገለል ይደረግ ወይስ የሚችለው ሥራ ይፈለግለት? ነጥቡ የሦስቱም የጋራ ነውና ደካማውን መተው የራስን ነጥብ መጣል ነው። ኳስ መልቀም ያቃተው ሮቦት ቀድሞ ወደ ከፍታ መውጣት ይችል ይሆናል።

በመድረሳ የተማርነው የሙናዘራ ሥርዓት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ተከራካሪ የባልንጀራውን ቃል አያቋርጥም፤ ሐሳቡንም ሳይረዳ መልስ አይሰጥም። ለዚህ ሮቦት መግዛት አያስፈልግም። መሬት ላይ በጠመኔ ሜዳ ይሠመራል፤ በቆሎና ባቄላ በኳስ ፈንታ ይቀርባል፤ ሕጉ ተነብቦ ክርክሩ ይጀመራል።

ወላጁን ያጣ ልጅ ብዙ ጊዜ በሰው ፊት ለመናገር ይሳቀቃል። ልብስና ደብተር ሰጥተነው ሐሳቡን ሳንጠይቀው ከቀረን፣ ልክ እንደዚያ ደካማ ሮቦት ከሜዳው ዳር አቁመነዋል ማለት ነው። ስለዚህ የምትረዱትን ልጅ ስትጎበኙ «በላህ ወይ? ተማርህ ወይ?» ከማለት ጋር «አንተስ ምን ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እስኪጨርስም ታግሣችሁ አድምጡት።