ካርዱ እስኪመጣ



ባለፈው የፍልሰታ ጾም አንዲት እናት በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን አግኝተውኝ «ልጄ አሜሪካ ተመርቆ ካደኝ» ብለው አለቀሱ። ለጉዞው የወጣው የዕቁብ ገንዘብ ገና ተከፍሎ አላለቀም። ደውዬ ሳነጋግረው ግን ልጁ አልካደም፤ የሥራ ፈቃድ እየጠበቀ ነበር።

የዚያ አገር ሕግ በተማሪ ቪዛ የገባ ተመራቂ ትምህርቱ ከማብቃቱ 90 ቀን አስቀድሞ፣ ካበቃም በኋላ እስከ 60 ቀን ድረስ እንዲያመለክት ይፈቅድለታል። ሆኖም ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳይደርስ ተቀጥሮ መሥራት አይችልም። መልሱ ወራት ሊወስድ ይችላል። ካርዱ ሲመጣም ጭንቀቱ አያበቃም፤ ያለ ሥራ እንዲቆይ የሚታገሡት በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው።

በዚህ መካከል ቤተሰብ «ተደብቀህም ቢሆን ሥራ» ይላል፤ ከእኛም ወገን ይህን የመከረ አይጠፋም። ያለ ፈቃድ መሥራት ግን የተማሪነት መብቱን ሊያሳጣው ይችላል። ስልክ ማንሳት የተወውም ከኀፍረት የተነሣ ነው።

የነፍስ አባቶች ሆይ፣ ይህን ለወላጆች አስረዱ፤ ዕዳ ካለም ከዕቁቡ ዳኛ ጋር ተነጋገሩ። እኛ ተነጋግረን ክፍያው እስከ ጥምቀት ተራዝሞላቸዋል። ልጁም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲደውል፣ ስለ ሥራ ግን እንዳይጠየቅ ተስማምተናል። እናቲቱ ባለፈው እሑድ ዘንግተው ጠየቁት፤ እርሱም ሳይዘጋው መለሰላቸው።