የግዕዝ ቋንቋና የጋይንት ጉባኤ ቤቶች



አንድ ቋንቋ ከእናት አፍ መሰማቱ ከቀረ በኋላ በምን ይኖራል? ግዕዝ በቤትና በገበያ መነገሩ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት ዐልፈዋል። ሆኖም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደበሎ የለበሰ ተማሪ ዛሬም «ቀተለ፤ ገደለ» እያለ ግሥ ያወርዳል።

ጋይንት ስሙ የገነነው ይልቁንም በዜማ ነው። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። የቅኔው ነገር ግን ለብቻው ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይወጣል፤ ትናንት የተቀኘውንም ዛሬ አይደግመውም። ስለዚህ ያልተጻፈው ቅኔ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል።

መጽሐፍስ የለምን? አለ። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ወርደው ሉዶልፍን አስተማሩት፤ የእርሱም የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1661 ለንደን ላይ ታተመ። በአገራችን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደከሙበት፤ እርሳቸውም ሲያርፉ ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። አንድ መጽሐፍ የሦስት ሰው ዕድሜ ፈጀ ማለት ነው!

ወደ አሜሪካ ብንመለከት፣ የዳኮታ ሕዝብ ቋንቋ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1852 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የዚያው ሕዝብ ልጅ ኤላ ዴሎሪያም ከፍራንዝ ቦአስ ጋራ በ1941 ሌላ ሰዋስው አውጥታለች። ነገር ግን ልጆቹ በአዳሪ ትምህርት ቤት በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ መጽሐፉ ሲቀር ተናጋሪው አነሰ። ዛሬ ቋንቋውን መልሶ ለመማር የተነሣው ወጣት መዝገበ ቃላት አያጣም፤ የሚቸግረው የሚያናግረው ሽማግሌ ማግኘቱ ነው።

የእኛ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ የኔታ ገና በወንበራቸው አሉ። የሚያሠጋው የተማሪው ኩርማን እንጀራ ነው። መንደሩ የተራበ እንደ ሆነ ቁራሹ ይጠፋል፤ ጉባኤውም ይበተናል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን የዚያ አገር ተወላጆች ለአንድ ተማሪ የወር ቀለብ መቍረጥ አያቅተንም።

ለዕረፍት ወደዚያ የሚወርድ ሰውም፣ የኔታን አስፈቅዶ፣ በኪሱ በያዘው ስልክ ቅኔውን ሊቀዳ ይችላል። ነገር ግን የበዓሉን ስምና ዕለቱን ይጻፍ፤ ሰሙንና ወርቁንም በዚያው ቀን ባለቅኔውን ያስፈታ፤ ከከረመ ፈቺው ላይገኝ ይችላልና።