ከኢቆንዮን እስከ ጠርሴስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምዕመናንና ምዕመናት፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ መንገድ ነው። በታናሽ እስያ፣ በዛሬዪቱ ቱርክ አገር፣ ኢቆንዮንና ጠርሴስ የሚባሉ ሁለት የጥንት ከተሞች አሉ። ዛሬ ኮንያ የምትባለው ኢቆንዮን ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን የሰበከባት፣ ጠርሴስም እርሱ የተወለደባት ናት። በመካከላቸው የጣውሮስ ተራራ ቆሟል። መንገዱም ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአውቶሞቢል ለሚሄድ ሰው የአራት ወይም የአምስት ሰዓት ጉዞ ነው፤ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለሚገሠግሥ ብርቱ እግረኛ ግን ከዐሥር ቀን በላይ ይፈጃል።

በዲዮቅልጥያኖስ ዘመነ መንግሥት ክርስቲያኖች ሲሳደዱ አንዲት መበለት የሦስት ዓመት ልጅዋን ይዛ በዚህ አገር ተሰደደች። እርስዋም ቅድስት ኢየሉጣ ናት፤ ልጅዋም በከተማችን መካከል ደብርና ሰፈር በስሙ የሚጠራለት ቅዱስ ቂርቆስ ነው። የግሪኮች ገድል እንደሚተርከው ከኢቆንዮን ተነሥታ አስቀድማ ወደ ሴሌውቅያ፣ ከዚያም ወደ ጠርሴስ ሄደች። ሕፃን አዝሎ ተራራ መሻገር ምን እንደሆነ ከእናቶቻችን መካከል የማያውቅ የለም። ነገር ግን ያን ሁሉ ደክማ ብትደርስ የሸሸችው መከራ ቀድሞ ጠበቃት፤ መኮንኑ እለእስክንድሮስ አስያዛት።

እንግዲህ ድካምዋ ከንቱ ሆነን? አልሆነም። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረው፣ ውኃው በብረት ጋን ፈልቶ እንደ ነጐድጓድ ሲጮኽ እናቲቱ ፈራች። ያን ሁሉ አገር ያቋረጠች ሴት እስከ ጋኑ ያለው ጥቂት እርምጃ ከበዳት። ያን ጊዜ ሕፃኑ ስለ እርስዋ ጸለየ፤ አጸናትም፤ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም የፈላውን ውኃ አቀዘቀዘላቸው። ይህንንም ሐምሌ 19 ቀን እናከብራለን። በመንገድ እናት ልጅዋን ተሸከመች፤ በመጨረሻው ልጅ እናቱን ተሸከመ።

ወገኖቻችን ሆይ፤ በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ተዛወረ። ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን በእግራቸው ይመጡ የነበሩ አረጋውያን ዛሬ ሌሊት ተነሥተው መኪና መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። «ደብሬ ራቀኝ» እያሉ የሚያለቅሱም አሉ። እናንተ ወላጆቻችን፤ እግዚአብሔር ካዛንችስ አልቀረም። በኢቆንዮን የነበረ በጠርሴስም ነበረ። በአዲሱ ሰፈራችሁ ባለው መቅደስ የሚፈተተው ያው ሥጋው፣ ያው ደሙ ነው።

እናንተ ጐልማሶች ደግሞ ይህን አስቡ። ከልጆችዋ ጋር ያጐረሠቻችሁ፣ እናታችሁ ገበያ ስትሄድ ያዘለቻችሁ ጎረቤት ዛሬ ወዴት ናት? መንገዱ ለእርስዋ ረጅም ነው፤ ለእናንተ ግን በአውቶሞቢል ጥቂት ሰዓት ነው። ጥር 15 ቀን የቅዱስ ቂርቆስ በዓል ሲደርስ ለንግሥ ከመቸኰላችሁ በፊት ሄዳችሁ አምጧት። መምጣት ባትችል አጠገብዋ ተቀመጡ፤ በዓሉን በቤትዋ አክብሩላት። የተሸከመችን እናት የመሸከም ተራው የእኛ ነው።

የቅዱስ ቂርቆስና የቅድስት ኢየሉጣ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።